በገዛ ለቅሶው ላይ የተበላው ሰው

በአንድ ወቅት፣ ያውም ገና ባልደረሰና በመንገድ ላይ ባለ ወቅት፣ ሰንበሌጥ ሜዳ በምትባል መንደር አትጠገብ የምትባል ሴት ቢተው ከሚባል ባሏ ጋር ትኖር ነበር። ቢተው ወሬ ይወዳል ቢባል ማሳነስ ነው። እሱ ሲያወራ በሬው ማረሱን ትቶ ጆሮውን ያቆማል፤ ዛፍ ላይ ያለች ወፍ እንኳ የነገሩን መጨረሻ ሳትሰማ አትበርም። እህል ሊያስፈጭ ከሄደ ዱቄቱ ቀድሞት ቤት ይገባል፤ እሱ ግን ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ገና መግቢያውን እያወራ ነው። አትጠገብ ደግሞ «ዝም በል» ለማለት ብቻ የተፈጠረች ይመስል፣ ከጠዋት እስከ ማታ «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ጆሮዬን ለእኔ ተወው!» እያለች ትጮህበት ነበር። ሁለቱም ደስተኞች ነበሩ።

ያ ዘመን የሰው ትዝታ በዘር የሚቀመጥበት ዘመን ነው። ከዚያ በፊትማ የሰው ፎቶና ድምፅ ሁሉ ስልክ ውስጥ ይጠቀጠቅና፣ ስልኩ «ሞላሁ» ባለ ቁጥር የልጅን ክርስትና አጥፍቶ ለአማት ልደት ቦታ መልቀቅ ነበር። የተረፈውን ባሕር ማዶ ያለ፣ ማንም በዓይኑ አይቶት የማያውቅ የሰው ጎተራ ይይዘዋል። አንድ ቀን ያ ጎተራ ተዘጋ፤ የሰንበሌጥ ሜዳ ሰርግ ሁሉ አብሮ ተዘጋ፤ መጋባታቸውን ተጠራጥረው እንደገና ሽማግሌ የላኩ ባልና ሚስትም ነበሩ ይባላል። ኋላ ላይ ዐዋቂዎች የሰውን ድምፅና ምስል በሽምብራ ፍሬ ውስጥ የሚጽፍ ውሃ አወጡ። ሰው የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ነገር አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፤ እሷ ዓመቱን ሙሉ ስታይና ስትሰማ ትከርማለች። የዘር ጊዜ ሲደርስ እድር ቤት ይዟት ይሄዳል፣ ሽምብራው በዚያ ውሃ ይነከራል፣ አለቀ። አንዷ ፍሬ የሰውየውን ዕድሜ ሙሉ ትይዛለች። ብትዘራት ትበቅላለች፤ የምታፈራው ፍሬ ሁሉ ያንኑ ዕድሜ ይዞ ይወለዳል። መብራት አትል፣ ኔትወርክ አትል፤ ነቀዝ ካልበላት የልጅ ልጅ ትደርሳለች።

ለዚህ ነገር መንደሩ ሁለት ሥርዓት ነበረው። የትዝታ ዘር ያለበት ቅል አንገቱ ላይ ቀይ ክር ይታሰርበታል። ከዘሩም ጥቂቱ ጎረቤት ቤት በአደራ ይቀመጣል፤ ቤት ቢቃጠል እንኳ ሰውየው እንዳይቃጠል። ቢተው ሁለቱንም እምቢ አለ።

«እኔን ክር አስራችሁ ነው የምትለዩኝ?» አለ ስለ ክሩ። ስለ አደራው ደግሞ፣ «የእኔ አፍ ሰው ቤት አያድርም» አለ። ከዚያም ቅሉን ከጎታው ጀርባ አስቀምጦ ወሬውን ከተወበት ቀጠለ።

በክረምቱ መጨረሻ፣ ዝናቡ መንደሩን ጠቅልሎ ሊወስዳት በሚታገልበት ሰሞን፣ ደረቱን ያዘውና ሞተ። ሰው መሞቱን ያመነው ዝም በማለቱ ነው።

በዚያ አገር ሐዘን የገባበት ቤት ባለቤት እጁን ወደ እሳት አይሰድም። ጓዳውን የሚረከበው ጎረቤት ነው፤ ያገኘውን ይቀቅላል፣ ያገኘውን ይጋግራል። ሐዘንተኛን «ሽሮው የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ስለዚህ አትጠገብ መደቡ ላይ ሆና ደረቷን ስትመታ፣ አጥር የምትጋራት ትሁን ጓዳ ገባች። ትሁን እጇ ከሐሳቧ የሚቀድም ሴት ናት፤ እሷ ልትሠራ ያሰበችውን የምታውቀው ሠርታ ከጨረሰች በኋላ ነው። ለቀስተኛው በዝቷል፣ የስንዴው ንፍሮ አልቋል። ከጎታው ጀርባ ቅል አየች፤ ክር የለውም። ገለበጠችው፤ ሽምብራ።

«ነፍስህን ይማረው ቢተው! ለለቅሶህ እንኳ ቀድመህ አሰናድተህ ነው የሄድከው» አለችና አንድ ሳታስቀር ድስት ውስጥ ከተተችው።

ለቀስተኛው በላ። እንደዚያ ያለ ንፍሮ በመንደሩ ተበልቶ አያውቅም ተባለ። ዓመት ሙሉ ቃል የማይወጣው አንድ ዝምተኛ ሰው እፍኝ ሙሉ ከበላ በኋላ ማውራት ጀምሮ እስከ ሠልስቱ አላቆመም የሚሉ አሉ።

አትጠገብ ከሐዘኑ ቀና ስትል በቀጥታ የሄደችው ወደ ጎታው ጀርባ ነው። ቅሉን አነሣችው፤ ቀለላት። ነቀነቀችው፤ ዝም አለ። ወደ አጥሩ ወጥታ ተጣራች።

«አንች ትሁን! እዚህ የነበረው ሽምብራስ?»

«ንፍሮ አደረግሁታ፣ እታለም።»

«ለምን?»

«ለለቅሶው ነዋ!»

«ለማን ለቅሶ?»

«ለቢተው።»

«ለቢተው ለቅሶ ቢተውን ቀቀልሽው?»

ትሁን አፏን በእጇ ያዘች። ቆይታ ጣቶቿን ከፈት አድርጋ፣ «እኔም እኮ በልቻለሁ» አለች በቀጭን ድምፅ። «ደጋግሜ።»

አትጠገብ ወደ ቤቷ ገብታ ተቀመጠች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የባሏ ድምፅ በየጥጉ ነበር፤ በሩ ሲንቋቋ እሱ ነው፣ ድመቷ ስታስነጥስ እሱ ነው። ከዚያ እየሳሳ ሄደ። የሚያወራውን ታስታውሳለች፤ ድምፁ ግን ከጆሮዋ እየሸሸ ነው። ቀጭን ነበር? ጎርናና ነበር? ሲስቅ ከአፍንጫው ነበር ወይስ ከሆዱ? አንድ ቀን ሳታስበው ወደ ግድግዳው ዞራ «ዝም በል!» አለች። ግድግዳው ዝም አለ። ያን ጊዜ ነው አትጠገብ አምርራ ያለቀሰችው፤ በዕድሜዋ ዝም በል ብላው ዝም ያለላት የመጀመሪያው ነገር ያ ግድግዳ ነበርና።

ልቅሶው በአጥሩ በኩል አልፎ ትሁን ጆሮ ገባ። ትሁን መንደሩን ከዳር እስከ ዳር አሰሰችው። የለቀስተኛውን ኪስ ሁሉ ገለበጠች፤ የጋቢ ጠርዝ ፈተሸች፤ ጥርሰ ወላቃ ሽማግሌዎችን «አባቴ፣ ሳያኝኩ ጉንጭዎ ውስጥ ያስቀሩት አለ?» እያለች ጠየቀች። የለም። ሽምብራ በዚያ ዓመት ትል ጨርሶት ስለነበር፣ ቀይ ክር ከታሰረበት የትዝታ ዘርና ከቢተው ቅል ሌላ በመንደሩ አንድ ፍሬ አልነበረም። በመጨረሻ ጎታው ጀርባ ተንበርክካ ስትመለከት የአይጥ ጉድጓድ አየች። ጉድጓዱን ተከትላ ሄደች፤ በአጥሩ ሥር አልፎ የሚገባው የራሷ ቤት ግድግዳ ውስጥ ነው።

ዶማ አነሣች። አይጡ፣ ያዩት እንደሚሉት፣ የፍየል ግልገል ያህላል፤ ወጥቶ በቁጣ ተመለከታት፤ እሷ ግን የባሰ ተመለከተችው። ግድግዳውን ናደችው። የመጀመሪያው ናዳ ስንዴ አወጣ። ሁለተኛው ምስር፣ የጠፋ የጆሮ ጌጥና የባሏን የሰርግ ካልሲ አወጣ። ሦስተኛው ሲመታ ጣሪያው ተቀመጠ። የትሁን ባል ከሥራ ሲመለስ ቤቱ በነበረበት ቦታ ሚስቱ ጭቃ ለብሳ ዝናብ ላይ ቆማለች።

«ቤታችንስ?» አላት።

«እሱን ተወው፣ ይህን እይ!» ብላ መዳፏን ዘረጋች። አንድ ሽምብራ። በአንድ ጎኗ አይጥ ቀምሷታል፤ የምትበቅልበት ጫፏ ግን ደህና ነው።

አትጠገብ ፍሬዋን በሁለት እጇ ተቀበለች። «አሁኑኑ ወደ ማንበቢያው!» አለች።

ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። እድር ቤት ያለው ማንበቢያ ፍሬ የሚያነበው ፈጭቶ ነው። አንዷን ፈጭቶ ባይሳካለት ሁለተኛ ቢተው የለም። መጀመሪያ መዝራት፣ መብዛት አለባት።

ያን የተቀበለው የአትጠገብ ልጅ ልየው ነው። ልየው ገበሬ ነው፤ ቃል ከአፉ የሚወጣው ጥርስ እንደሚነቀል እየተጎተተ ነው። አባቱ ለሁለት ሰው የሚሆን ስላወራ ለእሱ የተረፈው የለም ይባል ነበር። ፍሬዋን ከእናቱ እጅ ወስዶ፣ ዝናቡ ሲያባራ ጥቁሩ አፈር ላይ፣ በእርሻው መሐል ዘራት። የቀረውን እርሻ ባዶ ተወው። ሌላ ሽምብራ ካለ ትል ይመጣል፤ ጤፍ ካለ ወፍ ይመጣል፤ ሣር ካለ የሰው ከብት ይመጣል፤ ስለዚህ ያን ሁሉ መሬት ለአንዲት ፍሬ ሲል አራቁቶ ከረመ። እሱና ሚስቱ እስከሚቀጥለው አዝመራ ከአማቶቹ ቤት እየበሉ ኖሩ። ለአንድ ገበሬ በአማቱ ገበታ በየቀኑ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ የተቀመጠ ያውቀዋል። አማቱ ወጡን ባወጣች ቁጥር «ብላ እንጂ ልጄ፣ አትፈር» ትለዋለች፤ በዚች ቃል ብቻ ከስቶ ቀበቶው ሁለት ጊዜ ዞረው።

የሚያልፈው ሁሉ ይቀልድበታል።

«ልየው፣ አባትህ እንዴት ሰነበተ?»

«ቅጠል አወጣ።»

«ታዲያ ምን አለ?»

«ገና ነው።»

አትጠገብ በየቀኑ ትመጣና ከቡቃያው አጠገብ ትቀመጣለች። መጀመሪያ አፈረች። ኋላ ግን እያየች፣ «እስቲ ተናገር፣ አንተ ሰውዬ» ትለዋለች ቀስ ብላ። «ዛሬ አልቆጣህም።»

ተክሏ ባበበች ሰሞን ያለ ወቅቱ በረዶ መጣ። በረዶው የጭልፋ ራስ ያህል ነው፤ ደብድቦ አንዱን ጉብታ ሜዳ ያደረገው ያን ቀን ነው። ልየው ሮጦ ተክሏ ላይ እንደ ድልድይ ተደፋ፤ እጁና ጉልበቱ አፈር ላይ፣ ጀርባው ለሰማይ። በረዶው ሲያበቃ ተነሣ። ራሱ ላይ የወጣው እባጭ ዶሮ ሊሰፍርበት የሚችል ነበር፤ ከሥሩ ግን አንዲት አበባ አልረገፈችም። በጥር አጨዳት። ጥሩ እፍኝ ፍሬ ሰጠች።

ያኔ መንደሩ በሙሉ እድር ቤት ተሰበሰበ። ከተማ የምትሠራው የልየው እህት አንጓችም መጥታ ነበር፤ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ቆማለች። የእድሩ ዳኛ አያ ጥጋቤ ማንበቢያውን በጋቢያቸው ጫፍ ወለወሉና ተናገሩ።

«ሥርዓቱን ታውቃላችሁ። እድሩ ባለበት ይከፈታል። መሣሪያው የፈጨውን ሲያሰማ ይውላል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ይረሳዋል፤ የሰው ጉድ መሣሪያ ውስጥ አያድርም። የሚከፈተው ግን በባለቤቱ ድምፅ ነው። የቢተውን ድምፅ ከየት እናመጣለን?»

«ምን ችግር አለ!» አለ ሰው ሁሉ። በሰንበሌጥ ሜዳ የቢተውን ድምፅ የማያስመስል የለም። መጀመሪያ ልየው ቀረበ፤ የአባቱ ጉሮሮ አለው። «ተከፈች» አለ። መሣሪያው አንዷን ፍሬ ፈጨ፤ ዝም አለ። ቀጥሎ አንድ ጎረምሳ ወጥቶ የቢተውን ሳል ጨምሮ አስመሰለ፤ ሕፃናት ሁሉ «ጋሼ ቢተው!» ብለው ጮኹ። መሣሪያው ግን ፈጭቶ ዝም አለ። አንዲት አሮጊት ሞከረች፣ አንድ ቄስ በዜማ ሞከረ፣ አያ ጥጋቤ ራሳቸው ወገባቸውን ይዘው ሞከሩ። አንዱ የቢተውን አህያ ሊያስመስል ተነሥቶ በመከራ ተቀመጠ። ፍሬው ማለቅ ያዘ። እፍኙ ቁንጥር ሆነ፤ ቁንጥሩ ሁለት ፍሬ ሆነ።

አትጠገብ ዘላ ሁለቱን በመዳፏ ከደነቻቸው። «በቃ! አንዴ በላችሁት፤ ደግሞ ልታስፈጩት ነው?»

ከበሩ አጠገብ አንጓች «ድምፁ እኔ ጋ አለ» አለች።

ራስ ሁሉ ዞረ። «እስካሁን ታዲያ ምን ዘጋሽ?» አለች እናቷ።

አንጓች አሮጌ ስልክ ከደረቷ አወጣች፤ መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ ከድሮው ዘመን የቀረ። «እማዬ፣ ብቻችንን ብናደርገው?»

«እድሩ ባለበት ነው» አሉ አያ ጥጋቤ፣ ቢያዝኑም።

ልጅቱ ስልኩን አየችው፣ እናቷን አየች፤ ከዚያ መሣሪያው አጠገብ አስቀምጣ ውስጡ ተቀድቶ የቀረውን የአባቷን ጥሪ ነካችው። የቢተው ድምፅ ደከም ብሎ ወጣ።

«አንጓችዬ፣ ደረቴን ይዞኛል። ብቅ ብትይ ጥሩ ነበር።»

«አባዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ፤ መውጫ የለኝም» ይላል የአንጓች ድምፅ። ከኋላዋ ከበሮ ይደልቃል።

«እሺ። ሥራችሁ ከበሮ አለው?»

«መኪና ነው አባዬ።»

እልልታ ይሰማል።

«መኪናው እልል ይላል?»

ከዚያ ቢተው፣ «ግድ የለም፣ ጨፍሪ ልጄ። እናትሽ እንዳትሰጋ ግን ደውይላትና ደህና ነው በያት» ይላል። እዚያ ላይ ተቆረጠ።

አንድ ሰው ከንፈሩን መጠጠ። አንዲት ሴት «ወይ ልጅ!» አለች። አንጓች ነጠላዋን ፊቷ ላይ አልሳበችም፤ እንዲያዩአት ቆመች። መሣሪያው ግን ነቅነቅ አለና አትጠገብ ከመዳፏ የለቀቀችለትን አንዲቱን ፍሬ ፈጨ፤ የፊት መብራቱም አረንጓዴ ሆነ። ተከፈተ።

«የትኛው ቀን ይሁን፣ አትጠገብ?» አሉ አያ ጥጋቤ። «የሰርጋችሁ?»

«አይ» አለች፤ «ማክሰኞ። ማንኛውም ማክሰኞ።»

ቢተው መጣ። ቀጭን አልነበረም፣ ጎርናናም አልነበረም፤ ሲስቅ ከሁለቱም ነበር፣ ከአፍንጫው ይጀምርና ሆዱ ይቀበለዋል። አንዲት ዶሮ እንዴት አድርጋ እንደሰደበችው ያወራል። ጫማው ለምን ግራ እግሩን እንደሚጠላ ያወራል። ወሬው መሐል ላይ የሴት ድምፅ «ኧረ ዝም በል!» ብሎ ጮኸ። የራሷ የአትጠገብ ድምፅ ነበር።

«አንች ዝም በይ እስቲ!» አለች አትጠገብ ለራሷ ድምፅ። «ሰውዬው ያውራበት!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አትጠገብም እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ሳቀች። ጆሮዋ ጠግቦ የማያውቀውን ያህል ጠጣ። ቢተው ከዶሮዋ ወደ በሬው፣ ከበሬው ወደ ጎረቤት አለፈ። ማን የማንን ድንበር ድንጋይ እንዳንፏቀቀ ጀመረ፤ አንድ ሰው በሩን መፈለግ ያዘ። ከዚያም «አያ ጥጋቤ ፀጉራቸውን በጥቀርሻ እንደሚያጠቁሩ ታውቂያለሽ?» ሲል፣ ዳኛው እጃቸው ከመብረቅ ፈጥኖ ድምፁን ቀነሰ።

በሳቁ መሐል መሣሪያው በራሱ ድምፅ ጠየቀ። «ባለአደራው ማን ነው? ከፀሐይ በፊት ይናገር።»

የሁሉም ዓይን በአትጠገብ መዳፍ ላይ የቀረችው አንዲት ፍሬ ላይ አረፈ።

«ነገሩ እንዲህ ነው» አሉ አያ ጥጋቤ ጋቢያቸውን እስከ ፀጉራቸው ከፍ አድርገው። «ቢተው ሞቷል፤ ከእንግዲህ ዘሩ የሚከፈተው ባለአደራው ሲናገር ብቻ ነው። ድምፅ የሚቀበለው የአንድ ሰው ነው፤ ሁለት ሾፌር ያለው መኪና ገደል ነው የሚገባው ብለው እንዲያ ሠርተውታል። የት እንደሚዘራ፣ ማን እንደሚሰማ፣ ምን እንደሚዘጋ የሚወስነው እሱ ነው። ፀሐይ ጠልቃ ስም ካልገባ ዘሩ ለዘላለም ይቆለፋል። ሚስት ደግሞ አትሆንም፤ ባልና ሚስት ጠቡን ሁሉ እየሰረዙ ግማሽ ሰው ነው የሚያስቀሩት። አንች ግን ትሰይሚያለሽ።»

ትሁን ቀድማ ተነሣች። «ለእኔ ስጭኝ፣ እታለም። የቀቀልሁት እኔ ነኝ፤ ያገኘሁትም እኔ ነኝ። እስካሁን በሰው ቤት ጥግ ነው የምኖረው። በየጎረቤቱ ግድግዳ ውስጥ፣ በየቅሉ፣ ቀይ ክር አስሬ አስቀምጠዋለሁ። መንደሩ ሁሉ ይስማው! ወሬው እኮ ከመንደሩ የለቀመው ነው። ደግሞ እውነቱን ንገሪኝ ካልሽ፣ ግማሹ ሆዴ ውስጥ ነው።»

«ባትቀቅይው ኖሮ መች ይጠፋ ነበር!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ክር ቢያስርበት ኖሮ መች እቀቅለው ነበር!» አለች።

ልየው ተነሣ። ሁሉም ጠበቀ። «እዘራዋለሁ» አለ። ሊቀመጥ ሲል ሰው ሁሉ «ጨምር እንጂ!» ብሎ ጮኸበት። ላብ እያጠመቀው ጨመረ። «በየዓመቱ። ዘር ካልተዘራ ያረጃል። ስሙ አትስሙ አልልም፤ ብቻ አያልቅም።»

«አንተ ራስህ አንድ ቃል ሳትሰጠው አባትህን አፈር ውስጥ ልታኖረው ነው?» አለ ያው ሰው።

ልየው እባጩን ዳሰሰና ተቀመጠ።

አንጓች ከበሩ አጠገብ ሳትንቀሳቀስ ተናገረች። «ለእኔ ከሆነ እዘጋዋለሁ። የሚጠይቀኝ መጥቶ የራሱን ይሰማል፤ እማዬ የፈለገችውን ትሰማለች። የሌላውን ግን ማንም አይሰማም። አባዬ ያየውን ሁሉ ተናግሯል፤ የሰው ገመና መሆኑን አላሰበም። ገመና በሰው ፊት ሲዘረገፍ ምን እንደሚመስል ዛሬ ከእኔ አይታችኋል። እኔ ነኝ የማውቀው።»

«ሲጠራሽ እየጨፈርሽ ነበር!» አለች አንዲት ሴት።

«ነበርሁ» አለች አንጓች።

ቤቱ ተከፈለ። አንዱ ለትሁን ጮኸ፤ ያለ እሷ ዶማ ፍሬዋ የአይጥ ራት ነበረች። አንዱ ለልየው ጮኸ፤ ያለ እሱ ጀርባ ፍሬዋ የበረዶ ጥርስ ውስጥ ነበረች። አንዱ ለአንጓች ጮኸ፤ ያለ እሷ እፍረት ቢተው እስከ ዛሬ ድዳ ፍሬ ነበር። የድንበር ድንጋይ ያንፏቀቀው ሰው ደግሞ ከሁሉም በላይ አጥብቆ ለአንጓች ጮኸ፤ አያ ጥጋቤም ዳኛ ስለሆኑ አልጮኹም እንጂ ራሳቸውን በኃይል ነቀነቁ።

አትጠገብ ፍሬዋን ይዛ ወደ ደጅ ወጣች። ፀሐይዋ ኮረብታው ላይ ደርሳለች። ከውስጥ ቢተው ድምፁ ተቀንሶ እያወራ ነው፤ እንደ ጎረቤት ቤት ወሬ ስስ ሆኖ ይሰማታል። ሦስቱም ተከትለዋት ወጡ፤ ቤቷ የፈረሰባት ጎረቤቷ ቆማለች። ልጇ ከስቶ ቆሟል። ሴት ልጇ ዓይኗን ሳትሰብር ቆማለች። ለማንኛቸውም ብትሰጥ ሰውየው ከሚቀጥለው አዝመራ በኋላ ጭራሽ ዝም እንደማይል ታውቃለች፤ ይህን ስታስብ ልቧ ሞላ። ትሁን ብትወስደው ቢተው በየቤቱ ይወራል፤ የማንም ገመና ግን ዕረፍት የለውም። ልየው ከወሰደው ቢተው አያልቅም፤ የሚያስወራው ሰው ግን ማን እንደሚሆን እንጃ። አንጓች ብትወስደው መንደሩ በሰላም ይተኛል፤ ቢተው ግን ከሩብ በላይ አይሰማም፣ ያውም ዝም በል ሲሉት አሻፈረኝ ያለ ወሬኛ!

«አትጠገብ፣ ፀሐይዋ!» አሉ አያ ጥጋቤ ከውስጥ።

ሦስቱም መዳፋቸውን ዘረጉላት።

ወሬው እዚህ ድረስ ነው፤ ከዚህ ወዲያ ያለውን ተሟገቱበት እንጂ ማንም አይነግራችሁም። ፀሐይዋ ግማሽ ሆናለች፣ ፍሬዋ አንዲት ናት፦ አትጠገብን ብትሆኑ ለማን ትሰጡ ነበር፤ ከቀቀለችው በኋላ ቤቷን አፍርሳ ላገኘችው፣ እርሻውን አራቁቶ ላበቀለው፣ ወይስ በሰው ፊት ራሷን ገልጣ ለከፈተችው?